ሥራ ቦታ ላይ አድልዎ ሲደርስብሽ፦ ከደመወዝ ወረቀት እስከ ፍርድ ቤት፣ ለሐዋሳ ሠራተኞች የተጻፈ መመሪያ

ሐዋሳ ውስጥ ስለ ሥራ ሲወራ ቶሎ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «ለመሆኑ ሕግ አለ?» ይባላል። አለ። እንዲያውም የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ አድልዎን በተመለከተ በጣም ግልጽ ነው። አቤቱታን የሚገድሉት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ያለፈ ቀን እና ያልተያዘ ወረቀት። ስለዚህ ከአንቀጾቹ ይልቅ ስለ ቀንና ስለ ወረቀት ብዙ እናገራለሁ።

የምጽፈው «አንቺ» እያልኩ ነው። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የስፌት ላይን ላይ፣ ሐይቅ ዳር ባሉት ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች፣ በየሱቁ ካሸር ሆነው የሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸውና። ወንድ ብትሆንም፣ በብሔርህ ወይም በሃይማኖትህ ወይም በአካል ጉዳትህ ምክንያት ተገፍተህ ከሆነ እርምጃዎቹ ያው ናቸው።

በቅድሚያ፦ ይህ ሕግ አንቺን ይመለከታል?

ዋናው ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በግል ድርጅትና በመንግሥት የልማት ድርጅት ውስጥ የምትሠሪ ከሆነ ይመለከትሻል። ፋብሪካ፣ ሆቴል፣ ባንክ፣ የግል ክሊኒክ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ ሱቅ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሆንሽ የሚገዛሽ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። አቤቱታሽም የሚሄደው ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ነው። የሥራ መሪዎችና የቤት ሠራተኞችም በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። የቤት ሠራተኞች መቅረታቸው ትልቅ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ። በየሰፈሩ ስንት ልጅ በዚህ ሥራ ላይ እንዳለች ሁላችንም እናውቃለን።

የጽሑፍ ውል የለኝም ብለሽ ግን አትተዪው። ውል በቃልም ይጸናል። እንዲያውም በቃል የተቀጠረ ሠራተኛ ውሉ በተደረገ በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋና ነጥቦቹን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ከአሠሪው ማግኘት አለበት። አለመስጠት የአሠሪው ጥፋት እንጂ ያንቺ አይደለም።

ሕጉ ምን ይከለክላል?

ሦስት አንቀጾችን ያዢ። አንቀጽ 14፣ አንቀጽ 26 እና አንቀጽ 87።

አንቀጽ 14 አሠሪው በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በኤች አይ ቪ፣ በአካል ጉዳት ወይም በሌላ ተመሳሳይ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ጾታዊ ትንኮሳና ጥቃትንም እዚሁ ላይ ሕገወጥ ያደርጋል። አንቀጽ 26 ደግሞ ሠራተኛን ለማሰናበት ፈጽሞ ምክንያት መሆን የማይችሉትን ይዘረዝራል፦ የማኅበር አባል መሆን፣ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ፣ ብሔር፣ ጾታ፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የቤተሰብ ኃላፊነት፣ እርግዝና፣ አካል ጉዳት። «ቅሬታ ማቅረብ» የሚለውን አስምሪበት። አቤት በማለትሽ ብቻ ብትባረሪ፣ መባረርሽ ራሱ ሕገወጥ ነው።

አንቀጽ 87 የሴቶች ነው። በቅጥርም በክፍያም በጾታ ምክንያት ልዩነት አይደረግም ይላል። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገርም አለው፦ በቅጥር ወይም በዕድገት ውድድር ሴቷና ወንዱ እኩል ውጤት ካመጡ ቅድሚያው የሷ ነው።

ከአዋጁ በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 42 ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅትን ሁለት ስምምነቶችም ተቀብላለች። በሥራና በሙያ አድልዎን የሚከለክለውን ቁጥር 111ን በ1966፣ እኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ክፍያ የሚለውን ቁጥር 100ን በ1999፣ ሁለቱም በፈረንጆች አቆጣጠር።

አዋጁ ግን ለሁሉም ሠራተኛ የሚሆን ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በቁጥር አላስቀመጠም። ስለዚህ «ደመወዜ አነሰ» ብቻውን ክስ አይሆንም። «እሱ ከሚከፈለው እኔ የሚከፈለኝ አነሰ፣ ምክንያቱም ሴት ስለሆንኩ ነው» ግን ክስ ነው።

1ኛ እርምጃ፦ ከማን ጋር ነው የምትነጻጸሪው?

አድልዎ ንጽጽር ነው። «ይጠሉኛል» ብለሽ ከሄድሽ ማንም ሊረዳሽ አይችልም። ሰው ጥቀሺ፦ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ፣ ከአንቺ የተሻለ የተደረገለት፣ በአንቺ ላይ አድልዎ ባመጣው ነገር ግን ከአንቺ የተለየ።

እንበልና ትዕግሥት የሐይቅ ዳር ሆቴል አስተናጋጅ ናት። ከመስከረም ጀምሮ በወር 3,600 ብር ትወስዳለች። አብሯት በዚያው ወር የተቀጠረው ልጅ 4,500 ይወስዳል። ሽፍታቸው አንድ ነው። የሚያስተናግዱት ጠረጴዛ ብዛትም ያው ነው። የትምህርት ማስረጃቸውም አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ 900 ብር ነው።

ሆቴሉ ምን ብሎ እንደሚመልስ አስቀድመሽ አስቢ። «እሱ ልምድ አለው» ይል ይሆናል። «እሱ ሲኒየር ነው» ይል ይሆናል። «እሱ ሌሊት ይሠራል» ሊልም ይችላል። የአገልግሎት ዘመን፣ ችሎታ፣ የትምህርት ደረጃ፣ በቁጥር የሚለካ ምርት፣ የሌሊት ሥራ እውነተኛ ከሆኑ ልዩነት ለማድረግ የተፈቀዱ ምክንያቶች ናቸው። የሚፈተነው እውነተኛነታቸው ነው። ሲኒየር ከተባለ የተለየ ምን ይሠራል? ሌሎችን ይቆጣጠራል? ሂሳብ ይዘጋል? ምንም የተለየ ነገር ከሌለ ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው። ለእያንዳንዱ መልስ ያንቺን መልስ በወረቀት ጻፊ። ይህን ያደረገች ሠራተኛ ቢሮ ስትገባ አነጋገሯ ራሱ ይለያል።

በስፌት ላይን ላይ ከሆንሽ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ደመወዝና ቦነስን አትቀላቅዪ። መነሻ ደመወዛችሁ አንድ ሆኖ ልዩነቱ የመጣው ከመገኘት ቦነስ ወይም ከትርፍ ሰዓት ከሆነ፣ ጥያቄው ሌላ ይሆናል፦ ትርፍ ሰዓቱን ማን ነው የሚያከፋፍለው? ሱፐርቫይዘሩ ሁልጊዜ ለአንድ ብሔር ልጆች ወይም ለወንዶች ብቻ የሚሰጥ ከሆነ አድልዎው እዚያ ላይ ነው። ይህን ለማሳየት የወራት መዝገብ ያስፈልግሻል።

2ኛ እርምጃ፦ ካሌንደር አውጪና ቁጠሪ

ከሁሉም በላይ ይህን እርምጃ አደራ እላለሁ። ሕጉ ይርጋ የሚባል የጊዜ ገደብ አለው። ቀኑ ካለፈ አሠሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ «በይርጋ ታግዷል» ማለት ብቻ ይበቃዋል። የቱንም ያህል ብትበደዪ ጉዳይሽ እዚያው ያልቃል።

ከሥራ ከተባረርሽና መመለስ ከፈለግሽ ያለሽ 3 ወር ነው። ኅዳር 10 ከተሰናበትሽ፣ ከየካቲት 10 በፊት ክስ መክፈት አለብሽ። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የደመወዝ ልዩነትና ትርፍ ሰዓት 6 ወር አለው፤ የሚቆጠረውም እያንዳንዱ ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን ነው። ከስንብት ጋር የሚመጡ ክፍያዎችም በ6 ወር ይዘጋሉ። የተለየ ጊዜ ያልተቀመጠለት ሌላ ጥያቄ አንድ ዓመት አለው።

ወደ ትዕግሥት እንመለስ። ልዩነቱን ያወቀችው ሰኔ ላይ ነው። ሰኔ 15 ክስ ከፈተች እንበል። እስከዚያ ዘጠኝ ደመወዝ ተከፍሏታል፤ ዘጠኝ ጊዜ 900 ደግሞ 8,100 ብር ነው። ነገር ግን የመስከረም፣ የጥቅምትና የኅዳር ልዩነት ስድስት ወር አልፎታል። 2,700 ብር ሄደ። የቀራት ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ያለው 5,400 ነው። «እስቲ ክረምቱ ይለፍ» ብላ ብትቆይ፣ በየወሩ መጨረሻ ሌላ 900 ይሄዳል።

ለኤች አር፣ ማለትም ለድርጅቱ የሰው ኃይል አስተዳደር፣ የጻፍሽው ደብዳቤ ይህን ቆጠራ አያቆመውም። «እያየነው ነው፣ ትንሽ ታገሺ» የሚለው ቃልም አያቆመውም። አሠሪው መብትሽን በጽሑፍ ካመነ ይርጋው ይቋረጣል። ሕጉን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት አካል ያቀረብሽው አቤቱታም የጽሑፍ ውሳኔ እስኪሰጥ ያቋርጠዋል። እሱንም ቢሆን በቀንና በማኅተም የተደገፈ ቅጂ ከሌለሽ ማሳየት አትችዪም።

3ኛ እርምጃ፦ ወረቀት ሰብስቢ፣ ገና ሥራ ላይ እያለሽ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ከተባረርሽ በኋላ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ አያስገባሽም። ስለዚህ ዛሬ ጀምሪ።

የቅጥር ደብዳቤሽን፣ ያገኘሻቸውን የደመወዝ ወረቀቶች፣ ደመወዝሽ የሚገባበትን የባንክ መግለጫ፣ የሥራ መታወቂያሽን በስልክ ፎቶ አንሺ። ከዚያ ለምታምኚው ሰው ላኪ፣ ስልክ ይጠፋልና። የሥራ ማስታወቂያው «ወንድ ብቻ» ወይም «ያላገባች» የሚል ከሆነ ስክሪንሾት አድርጊው። ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ በማግሥቱ ይሰረዛል።

የሥራ ባልደረባሽ ደመወዝ ስንት እንደሆነ ማወቅ ከባድ ነው። እዚህ ላይ የጡረታ ተቀናሹ ይረዳል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከመነሻ ደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል። የትዕግሥት ወረቀት ላይ የጡረታ ተቀናሽ 252 ብር ይላል። 252ን ለ7 ስታካፍዪና በ100 ስታባዢ 3,600 ይመጣል። ልጁ ወረቀቱን አሳያትና 315 ይላል። ያው ስሌት 4,500 ይሰጣል። ይህ ቁጥር ከቦነስና ከትርፍ ሰዓት የጸዳ መነሻ ደመወዝ ነው። ንጽጽሩን ንጹሕ የሚያደርገውም እሱ ነው። ድርጅቱ ጡረታ የሚቆርጠው ከእውነተኛው ደመወዝ ባነሰ ቁጥር ከሆነ ግን ስሌቱ አይሠራም፤ እሱ ራሱ ሌላ ጥፋት ነው።

የባልደረባሽን ወረቀት በፈቃዱ ብቻ ተጠቀሚ። ከኤች አር ቢሮ ፋይል ማውጣት ግን በፍጹም አይሞከርም። አድልዎ የደረሰብሽ ሠራተኛ ሆነሽ ሳለ ለመባረር ሕጋዊ ምክንያት የሰጠሽ ትሆኛለሽ። አያስፈልግሽምም። ፍርድ ቤቱ ድርጅቱ ፔሮሉን፣ ማለትም የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን፣ ይዞ እንዲቀርብ ማዘዝ ይችላል። አሠሪውም የክፍያ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት።

አንድ ደብተርም ግዢ። ቀን፣ ሰዓት፣ ማን ምን አለ፣ ማን ሰማ። «ሱፐርቫይዘሩ ጥር 12 ከምሳ በፊት፣ እከሊትና እከሊት ባሉበት፣ እርጉዝ ሴት ላይን ታበላሻለች አለኝ» የሚል አንድ መስመር ከገጽ ሙሉ ምሬት ይበልጣል። ምስክር የሚሆኑሽን ሰዎች አስቀድመሽ አናግሪ። ፈርተው ከሆነ አትጫኛቸው። የለቀቁ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የተሻሉ ምስክሮች ናቸው።

የሥራ ልምድ ማስረጃ መጠየቅም መብትሽ ነው። የሥራሽን ዓይነት፣ የቆየሽበትን ጊዜና ደመወዝሽን ይገልጻል። አሠሪው በራሱ ማኅተም ያረጋገጠው ማስረጃ ማለት ነው።

4ኛ እርምጃ፦ ለድርጅቱ በጽሑፍ አቅርቢ

ይህን ለምን አስቀደምኩ? አንዳንዱ ጉዳይ እዚሁ ያልቃል፣ ሥራሽም አይበላሽም። ሌላው ደግሞ ደብዳቤው ከገባ በኋላ የሚደርስብሽ ነገር ሁሉ «በቅሬታዋ ምክንያት ነው» ለማለት መሠረት ይሆናል። የሠራተኛ ማኅበር ካለ መጀመሪያ ለማኅበሩ ንገሪ። ከሌለ፣ 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ኢሠማኮ፣ በዚህ ይረዳል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ስድብ፣ ዛቻ፣ የቆየ ቂም አይግባበት። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ለ… ሆቴል የሰው ኃይል አስተዳደር
ሐዋሳ
ጉዳዩ፦ የደመወዝ ልዩነት እንዲስተካከልልኝ ስለመጠየቅ
ከመስከረም 1 ጀምሮ በአስተናጋጅነት በወር 3,600 ብር እየተከፈለኝ እሠራለሁ። በተመሳሳይ ጊዜ ተቀጥሮ በተመሳሳይ ሽፍት ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ወንድ ባልደረባዬ 4,500 ብር እንደሚከፈለው ተረድቻለሁ። ለልዩነቱ የተነገረኝ ምክንያት የለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 እና በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 14 እና 87 መሠረት ደመወዜ እንዲስተካከልና ያልተከፈለኝ ልዩነት እንዲከፈለኝ፣ ልዩነቱ ሌላ ምክንያት ካለው ደግሞ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
ስም፣ ፊርማ፣ ቀን»

በሁለት ቅጂ አዘጋጂ። አንዱን ስጪ፣ ሁለተኛው ላይ «ደርሶናል» አስብለሽ ቀንና ፊርማ ተቀበዪ። አንቀበልም ካሉ በፖስታ በአደራ ላኪና ደረሰኙን ያዢ። ባልደረባሽን በስሙ መጥራት በዚህ ደረጃ አያስፈልግም፤ እሱንም ጣጣ ውስጥ አትክተቺው።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር፣ «ሌላ ምክንያት ካለው በጽሑፍ» የምትለው፣ ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ዛሬ «ልምድ ስላለው ነው» ብለው ከጻፉ፣ ነገ ፍርድ ቤት ላይ «ሲኒየር ስለሆነ ነው» ማለት ይከብዳቸዋል።

ከ10 ቀን በላይ አትጠብቂ። ካሌንደሩ እየሄደ ነው።

5ኛ እርምጃ፦ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ

በፌዴራል ደረጃ ጉዳዩ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። በሲዳማ ክልልና በሐዋሳ ከተማ ደረጃ ይህን ሥራ የያዘውን ቢሮ ብዙ ሰው በድሮ ስሙ «ሠራተኛና ማኅበራዊ» እያለ ይጠራዋል፤ ባጃጅ ሹፌሩም በዚያ ስም ያደርስሻል። እዚያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያየውን ክፍል ጠይቂ።

ተቆጣጣሪው በሥራ ሰዓት ያለ ማስታወቂያ ድርጅቱ ውስጥ መግባት፣ ሰነድ ማየት፣ ሠራተኛ ማነጋገር ይችላል። ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ ይህ ነው፦ ጥቆማውን ማን እንደሰጠ ለአሠሪው እንዳይናገር ሕጉ ይከለክለዋል። የመጣው በጥቆማ መሆኑን እንኳ መግለጽ የለበትም። ገና ሥራ ላይ ላለችና መታወቅ ለማትፈልግ ሠራተኛ ይህ በጣም ጠቃሚ መንገድ ነው። በተለይ ችግሩ የአንድ ሰው ሳይሆን የላይኑ ሁሉ ሲሆን።

ተቆጣጣሪው ግን ዳኛ አይደለም። ውዝፍሽን ፈርዶ አያስከፍልሽም። ለዚያ የሚቀጥለው በር አለ።

6ኛ እርምጃ፦ ፍርድ ቤት ወይስ ቦርድ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ በተሳሳተ በር ቆሞም ጊዜውን ያባክናል።

ጉዳዩ ያንቺ የግል ከሆነ፣ ማለትም መባረርሽ፣ ደመወዝሽ፣ ፈቃድሽ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃሽ፣ የሚሄደው ወደ መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ጉዳዩ የሠራተኛው የጋራ ከሆነ፣ ለምሳሌ የድርጅቱ የዕድገት አሠራር ራሱ ሴቶችን የሚያገልል ከሆነ፣ መጀመሪያ ወደ አስማሚ ይሄዳል። ካልተስማሙ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ያየዋል። የዕድገት፣ የዝውውርና የሥልጠና ጥያቄዎች በአዋጁ ከጋራ ክርክሮች መካከል ተዘርዝረዋልና፣ «ዕድገት ተከለከልኩ» የምትዪ ከሆነ ክስ ከመጻፍሽ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሪ።

ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፈልም። ይህን ሳያውቁ ብር የለኝም ብለው ቤት የቀሩ ብዙ ናቸው። ጠበቃ መያዝም ግዴታ አይደለም። ክሱን በየትኛው ቋንቋና በስንት ቅጂ እንደምታቀርቢ ሬጅስትራር ላይ አስቀድመሽ ጠይቂ። ክሱ ላይ የደረሰውን ነገር በቀን ቅደም ተከተል፣ የምትጠይቂውን በቁጥር፣ ማስረጃዎችሽንና የምስክሮችሽን ስም አስቀምጪ። «ድርጅቱ የእነዚህን ወራት ፔሮል እንዲያቀርብ ይታዘዝልኝ» የሚለውን ጥያቄ በማስረጃ ዝርዝሩ ውስጥ ማካተት አትርሺ።

ችሎቱ ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን አዋጁ ያዛል። ቀጠሮ ሲበዛ ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ በየቀጠሮው ተገኚ። አንድ ቀን መቅረት ፋይሉን ሊያዘጋው ይችላል።

እርግዝና፦ ብቻውን የሚነገር ጉዳይ

በዚህ ከተማ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ከነፍሰ ጡር ሠራተኛ ጋር የሚያያዝ አድልዎ ብዙ ጊዜ ስሙን ቀይሮ ነው የሚመጣው።

ሕጉ የሚለው ይህ ነው። ነፍሰ ጡርን በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ማሰናበት ክልክል ነው። የሚፈቀደው ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር ፈጽሞ በማይያያዝ፣ አዋጁ በዘረዘረው ምክንያት ብቻ ነው፤ ለምሳሌ በከባድ ጥፋት። ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ታርፋለች። ለምርመራ የምትሄድበት ጊዜም ይከፈላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሌሊት አትሠራም፣ ትርፍ ሰዓትም አትታዘዝም። አባትም 3 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር አለው።

አሁን ስሙን ስለቀየረው ልንገርሽ። አንደኛው «ኮንትራትሽ አልቋል» ነው። የስድስት ወር ወይም የአንድ ዓመት ውል አስፈርመው፣ ሆድ ሲታይ አናድስም ይላሉ። አዋጁ ግን ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ ነው ብሎ ይገምታል። ለተወሰነ ጊዜ መዋዋል የሚቻለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ምክንያቶች ነው፦ ለጊዜው የሌለን ሠራተኛ ለመተካት፣ ለወቅታዊ ሥራ፣ ድንገት ለበዛ ሥራ እና መሰሎቹ። ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ የስፌት ላይን ከነዚህ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ «አልቋል» የተባለው ውል ገና ላያልቅ ይችላል።

ሁለተኛው «ራስሽ ልቀቂ፣ ከወለድሽ በኋላ እንመልስሻለን» ነው። አትፈርሚ። የመልቀቂያ ደብዳቤ ከጻፍሽ ክርክሩ ሁሉ ይለወጣል። ክሊራንስ ላይ «ምንም ጥያቄ የለኝም» ብለሽ ፈርመሽ ከሆነም ግን ተስፋ አትቁረጪ፤ ሠራተኛ በሕግ የተሰጠውን መብት መተዉ በሕግ ፊት ውጤት የለውም።

ሦስተኛው የሠራተኛ ቅነሳ ነው። ቅነሳ ሲደረግ ችሎታና ምርታማነት ያለው ይቀራል። እኩል ከሆኑ የሚቀነሱበት ቅደም ተከተል አለ፤ ነፍሰ ጡሮች በዚያ ተራ መጨረሻ ላይ ናቸው። ስምሽ መጀመሪያ ላይ ከወጣ ዝርዝሩ እንዴት እንደተሠራ በጽሑፍ ጠይቂ።

አሠሪው ስለ እርግዝናሽ ማወቁን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልግሻል። የሐኪም ማስረጃውን እንደያዝሽ አስገቢና ቅጂው ላይ አስፈርሚ። «አላወቅንም ነበር» የሚለውን መልስ የሚዘጋው እሱ ነው።

አካል ጉዳት፣ ኤች አይ ቪ፣ የሙከራ ጊዜ

ለአካል ጉዳተኞች የተለየ ሕግ አለ፣ አዋጅ ቁጥር 568/2000። ከሌሎቹ የሚለየው በማስረጃ ሸክሙ ነው። በአካል ጉዳቴ ምክንያት ተገለልኩ ያለ ሰው ክስ ሲያቀርብ፣ አድልዎ አለመኖሩን ማሳየት ያለበት አሠሪው ነው። ገና ሥራ ፈላጊ የሆነ ሰውንም ይጠብቃል። አሠሪው የሥራ ቦታውን የማመቻቸት ግዴታም አለበት።

ለቅጥር ጤና ምርመራ መጠየቅ ይቻላል፤ የኤች አይ ቪ ምርመራ ግን ከዚያ ውጭ ነው።

የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በዚያ ጊዜ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል። በብሔር ወይም በእርግዝና ምክንያት ማሰናበት ግን በሙከራ ጊዜም ቢሆን አድልዎ ነው። ማስረዳቱ ይከብዳል፣ እውነቱን ለመናገር። ገና በር ላይ «አንቺን አንቀጥርም» ለተባለች ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል፣ የማስታወቂያው ስክሪንሾት ወይም የመልዕክት ልውውጥ ከሌላት።

ነጻ እርዳታ የት አለ?

ክስ የሚጽፍልሽ ሰው ፍለጋ ፍርድ ቤት በር ላይ ከመቆምሽ በፊት እነዚህን ሞክሪ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነጻ ምክር ይሰጣል፣ በሐዋሳም ይሠራል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ሐዋሳ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው፤ አቤቱታ በነጻ ይቀበላል። ስትሄጂ ወረቀቶችሽን በቀን ቅደም ተከተል ደርድረሽ ሂጂ። ባለሙያው በደቂቃዎች ውስጥ ጉዳይሽን ከተረዳ ቀሪው ጊዜ ለምክር ይውላል።

7ኛ እርምጃ፦ ብታሸንፊ ምን ታገኛለሽ?

የደመወዝ ልዩነት ከሆነ፣ በይርጋ ያልታገደው ውዝፍ ይከፈልሻል፣ ደመወዝሽም ይስተካከላል።

መባረር ከሆነ አንቀጽ 43ን ተመልከቺ። በአንቀጽ 26 በተከለከሉት ምክንያቶች፣ ማለትም በጾታ፣ በብሔር፣ በእርግዝና ወይም ቅሬታ በማቅረብ የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራው መመለስ አለበት። መመለስ ካልፈለግሽ ካሳ መጠየቅ ትችያለሽ። በሕገወጥ ስንብት ካሳው የአማካይ ቀን ደመወዝ 180 ጊዜ ተባዝቶ ሲሆን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያም ይጨመርበታል። የሥራ ስንብት ክፍያ ለብቻው ነው። ወደ ሥራ እንድትመለሺ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ ከወሰነ፣ እስከ 6 ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ሊፈርድልሽ ይችላል። ጉዳዩ ይግባኝ ደርሶ ከጸና እስከ አንድ ዓመት።

መመለስ ወይስ ካሳ? ይህን ክስ ከመጻፍሽ በፊት ወስኚ። ቤት ኪራይ ያለባት፣ ሌላ ሥራ በቀላሉ የማታገኝ ሴት መመለስን ትመርጣለች። ግን የምትመለሺው ወደዚያው ሱፐርቫይዘር መሆኑንም አስቢ። የተመለሰች ሠራተኛ ደብተሯን መጻፍ አታቁም። እንደገና ቢነኳት የመጀመሪያው ፍርድ ማስረጃዋ ነው።

ከተሸነፍሽ ይግባኝ የሚባለው በ30 ቀን ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ከተባለ ሰበር አለ። ካሸነፍሽና ድርጅቱ አልፈጽምም ካለ ደግሞ፣ የፍርዱን ግልባጭ ይዘሽ እዚያው ፍርድ ቤት የአፈጻጸም ፋይል ትከፍቻለሽ። የድርጅቱን ትክክለኛ የንግድ ስምና የባንክ ሒሳቡ ያለበትን ባንክ የምታውቂ ከሆነ ሥራው ይፋጠናል። ባንኩ የትኛው እንደሆነ ደመወዝሽ የገባበት መግለጫ ላይ ልታገኚው ትችያለሽ።